ቁርጥ

ሰኔ ሳይገባ ነው፣ ከየዕድ ውኃ በታች፣
እርሻው ሊከፈል ነው፤ እናቴም ተጠራች።
አያቴ ለሁለት ወንድ ልጅ የተወው፣
ለአባቴ ሳይደርስ ዓመታት ያለፈው።
ገመድ በትከሻው፣ አጎቴ ልየው
ከዋንዛዋ ሥር ነው ነገር የጀመረው፦

«እኩሌታ ልስጣት፣ ሰው አይበለኝ ክፉ፤
የያንዳንዱን ጎን ግማሽ ለክታችሁ ጻፉ።
መልኩ እንዳይለወጥ፣ ትንሹም ትልቁን
ይምሰል ልክ እንደ ልጅ፣ ቁርጥ አባቱን።»

ወደ እኔም ዞር አለ፦ «እንደዚች ልጅ ማለት፤
አፍንጫዋን እዩት፣ ወንድሜ ነው በሉት።»
ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤
«ማን ይጠላል» አለ፣ ነገሩም አለቀ።

እኔ ግን
ስምንተኛ ክፍል ነኝ።
መምህርት ይታይሽ ባለፈው ሳምንት
ምስስል ምስሎችን በካሬ ወረቀት
«የጥጋቸውን ነጥብ ፈልጉ» ብላለች።

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፤
ዋንዛዋን ዜሮ፣ ዜሮ አደረግኋት።
አንድ ገመድ፣ አንድ ካሬ።
በስተቀኝ ስምንት።
ከዚያ ሽቅብ ስድስት፣ ካቡ ድረስ።
ከካቡ ወደ ግራ ስመለስ
ስድስት ላይ ቆምሁ፤ የቀረውን ሁለት
ፈፋው በልቶታል።

የአጎቴን ግማሽ ከውስጡ አኖርሁ፤
ስምንት፣ ዜሮን አራት፣ ዜሮ አልሁ፤
ስምንት፣ ስድስትን አራት፣ ሦስት፤
ሁለት፣ ስድስትን አንድ፣ ሦስት።
እውነቱን ነው፤ አንድም ማዕዘን አልተነካ፣
ጎን ከጎን ትይዩ ሆኖ ተለካ፣
ቁርጥ አባቱን!

ካሬዎቹን ቆጠርሁ።
የአያቴ፣ አርባ ሁለት።
የእናቴ (ደግሜ ቆጠርሁት)
ዐሥር ተኩል።
የት አለ እኩል?

አጎቴ ሳቀ፦ «ልጅ ያቦካው ለራት!»
አባ ደጓለ ግን ደብተሬን ወስደው
በጥፍራቸው ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠሩ፤
ሁለቴ ጠፋባቸው፣ ሁለቴ ጀመሩ፣
በሦስተኛው ላይ ዝም አሉ።
ቆይተው፣
«አንቺ ብትሆኝ የት ላይ ትቆርጫለሽ?» አሉኝ።

እርሳሴን አራት ተኩል ላይ ተከልሁ፣
ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳብሁ።
ከቀኝ ሃያ አንድ፤
ከግራ ሃያ አንድ።
የቀኙ እንደ በር ቀጥ ያለ፣
የግራው ትከሻው የጎደለ።

«አይመሳሰሉም» አለ አጎቴ።
«አይመሳሰሉም» አልሁ።
ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

ችካሉ ሲመታ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤
ዋንዛዋ በአጎቴ በኩል ቀርታለች።
እናቴ እስከ ደጃችን አንድ ቃል አልወጣት።
በሩን ስንከፍት ነው አገጬን ይዛ፣
ወደ ብርሃን አዙራ ያየችኝ፦
«አፍንጫሽ እንኳ የእኔ ነው» ያለችኝ።