አራት ነን

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ፤
አንድ እኔ፣ ሁለት ቄስ ውባንተ፤ እዚያ ላይ ቆምኩ።
ከዲያቆናቱ ባይህ አለ፣ ልጄ ጥጉ አለ፤
አውራ ጣቴ ብቻ ሳይታጠፍ ተንጠለጠለ።

አራት ነን።
የኔታ በአለንጋ ያጸኑብኝ ሥርዓት፣
«አምስት ካልሞላችሁ መቅደሱን አትክፈቱት»።

«ዲያቆን ፈንታሁንን ብር ወሰደው» ብላት፣
አንዲት እንግዳ ሴት አለቀሰች፤ ወንዙ መሰላት።
(ስድስት ዓመት የለመንኩበት ቅኔ ለዚህች ዋለ፤
ቀልድ ናት፤ ግን ስናገራት ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ከሰለ።)
ወንዙስ ምን አለበት፤ ወንዝ ሬሳ ይመልሳል፤
መተከል ወርቅ ሊቆፍር የገባ መቼ ይመለሳል?

ሌላው ባሕር ዳር ነው፤ ስልኩን እንጨት ላይ ሰክቶ
ለአርባ ሺህ ሰው ይሰብካል፣ ነጠላውን አጣፍቶ።
አልፈርድበትም፤ ድምፁ ያምራል፣ ቃሉም የተሳለ ነው፤
እዚህ ግን ጽና የሚይዝ አንድ ልጅ ነው ያጣነው።

እኔስ? ሳምንቱን ጤፍ አጨድኩ፤ እጄን ማጭድ በልቶት
ያመኛል፣ ሳሳልም እንኳ መስቀል ስጨብጥበት።
ባለፈው አንዱ ሲናዘዝ፣ እፊቱ አንቀላፋሁ፤
«እግዚአብሔር ይፍታህ» አልኩት፤ ምን እንደፈታሁ አላወቅሁ።

ከወንዙ ማዶ ሚካኤል አለ፤ አለቃው ቄስ ይሁኔ።
ከተነጋገርን ሦስት ዓመት ሆነን፤ ጥፋቱም የኔ።
በሙጬ ተዝካር «ማን ከፍ ብሎ ይቀመጥ» ብለን፣
በአንዲት በርጩማ ነው እኮ የተጣላን።
የባልና ሚስት፣ የወሰን ጠብ ሳስታርቅ ስዞር
የራሴን ሳልፈታ ስንቴ ቀደስኩ? እሱ ይቁጠር።

ጋቢዬን ደርቤ ወረድኩ። ኅዳር ነው፤ ውሃው ከጉልበት አያልፍም፤
ብርን መሻገር ግን እንደዚያ ሌት ከብዶኝ አያውቅም።
መሐሉ ላይ ቆሜ የምለውን አሰናዳሁ፤
«አንድ ዲያቆን አበድረኝ»፤ «ይቅር በለኝ»ን ረሳሁ።

መብራት አለ። ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤
ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ጣቱን ሲያጥፍ ደረስኩበት።
አንድ፣
ሁለት፣
ማንን እንደሚቆጥር ሳይነግረኝ ገባኝ።
ቀና ብሎ አየኝና፣ «አራት ነን» አለኝ።

የተሰናዳው ቃል ጠፋ። ጫማዬ ውሃ ጠጥቶ
እግሩ ሥር ወደቅሁ፤ እሱም ወደቀ፣ ሊያነሣኝ መጥቶ።
ሁለት ሽማግሌ አፈር ላይ፤
ውሻው መጮኹን ትቶ ቆመ፣ እኛን ሊያይ።

ከዚያ ስሌት መጣ። ይቅርታ ስሌት አያስቀርም፤
አራትና አራት ስምንት ነው፤ ስምንት ሁለት አምስት አይሆንም።
ነገ አንዱ ደብር ይዘጋል። የማን? ዝም አልን።
ብዙ ቆየን።
«ሕፃን አለችኝ፣ ሰማንያ ቀኗ ነገ ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረ።
«ጥጉን እልካለሁ» አልኩ፤ አፌ ከልቤ ቀድሞ ተናገረ።

ስመለስ ወንዙ መሐል በራሴ ሣቅሁ፤
ልበደር ሄጄ፣ አበድሬ መጣሁ።

ጎሕ ሲቀድ ልጄ ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረ፤
እኔ ከተዘጋው የማርያም ደጅ ላይ ቀረሁ፣ በሩም እንደታሠረ።
«ደወሉስ?» የሚለኝን ሁሉ «ዛሬ ማዶ ነው» አልኩት።
ያጉረመረመ አለ፤ «የሰንበቴው ጠላስ?» ያለም አለበት።
አንዱ «ደብራችንን ሸጠው» ሲል ሰማሁ፣ ዞር ብዬ አላየሁት።

እማሆይ ጥሩዓለም ብቻ፤ እግራቸው ወንዝ አይሻገርም።
ከጎናቸው ቅጽሩ ሥር ቁጭ አልኩ፤ ፀሐዩም ገና አይሞቅም።
ውዳሴ ማርያም ጀመርን፤ እሳቸው በቃል፣ እኔ ከመጽሐፍ፤
አንድ ገጽ ስዘል ያርሙኛል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በአፍ።

ከማዶ ደወል መጣ፤ ነፋስ እያቋረጠው።
እማሆይ ጸሎቱን አቆሙ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው።
«የማን ደወል ነው፣ አባቴ?» ብለው ጠየቁኝ።
«የእኛ ነው» አልኳቸው።
አልሰሙም መሰለኝ፤ ደግመው ጠየቁኝ።