በሁለተኛ ማርሽ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣ መስኮቴን ሲመታ፣
የሰው የውሃ ሂሳብ፣ ስደምር ውዬ፣ ሆጤ ገብቼ ማታ፣
ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ፣
ምዕራፍ ዘጠኝን፣ ለአምስተኛ ጊዜ፣ አወጣሁት ከልቤ—
አይ፣ ውሸት ነው። ከካርቶን ነው ያወጣሁት።
ቤት እንዲመታልኝ ብዬ ነው።

ቴፑ አሮጌ ነው፣ ክዳን እንኳ የለውም፣
በጣት ካልደገፉት፣ መንገዱን አያውቅም።
ካሴቱ ላይ ያለው ስም፣ በእጅ ላብ ተፍቆ፣
የቀረው «አምባ» ነው፤ «ሰል» ሄዷል ርቆ።
አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣
ከጀርባው ዝናብ አለ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚል።
የያኔው ዝናብ ከካሴቱ፣ የዛሬው ከጣራዬ፤
የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ትቻለሁ።

እርሳሴ አንዲት ናት።
በስሉ ጫፏ መስመር እሰርዝባታለሁ፣
ቴፑ ክር ሲበላብኝ፣ በደነዙ ጫፏ አጠነጥንባታለሁ።

ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ መዲና ትሄዳለች።
መናኸሪያ ቆማ፣ ሻንጣዋን አስጭና፣
ኮምቦልቻ ልትወርድ፣ ከዚያም ወዲያ ገና።
አራት ጊዜ ጻፍኳት፣ አራት ጊዜ ሄደች፤
አንዴ አልቅሳ፣ አንዴ ስቃ፣ አንዴ ዝም እንዳለች፣
አንዴም (አፍራለሁ) ሻሿን ለነፋስ ሰጥታ።
ማሲንቆው ግን አንድ ቦታ አለው፣
ሊወርድ ሲል፣ ሐሳቡን ቀይሮ ሽቅብ የሚዞርበት፤
እዚያ ሲደርስ እጄ ይቆማል።
አጠነጥናለሁ፣ እሰማለሁ፣ ደግሞ አጠነጥናለሁ፤
ዓረፍተ ነገሬን ጮክ ብዬ ከላዩ ላይ አነባለሁ፤
አልገጥም ካለ፣ ጥፋቱ የማሲንቆው አይደለም።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ተደበደበ።
ጋሽ ሙሄ ናቸው፣ ሠላሳ ዓመት ኤንትሬ የነዱት።
ድምፁን ቀነስኩ። «ይቅርታ ጋሼ!» አልኩ ለጭቃው።
«ምን ትቀንሺዋለሽ!» አለ ጭቃው።
«አንደኛ፣ ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ የሚወርድ አውቶቡስ የለም፤
ልጅቱን ገደል ልትከቻት ነው? በሁለተኛ ይውረድ!
ደግሞ ያንን ሰውዬ ለምን አታስጨርሺውም?
ሁለት ወር ሙሉ፣ ሊናገር ሲል አፉን ትይዥዋለሽ።»

እውነታቸውን ነው።
ፍጻሜውን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ረስቼዋለሁ።
እጄን አነሳሁ።
ሽቅብ ዞረ፣ ቆየ፣
የምፈራው ቦታ ላይ ደረሰ፣ አለፈው፤
ወዲያ ማዶ ሌላ ዜማ አልነበረም፣
ያው ራሱ ነበር፣ ቀስ ያለ፣
ጭነቱን እንደያዘ፣ ፍሬን ሳይረግጥ፣
በማርሹ ተይዞ ቁልቁል እንደሚወርድ መኪና።
ደጋኑ ተቀመጠ። ብርጭቆ ኳ አለ። ሰው አሳለ።
አንዲት ሴት፣ ከሩቅ፣ «አለቀ?» አለች።
ተጫዋቹ ሳቀ፤ «እኔንጃ» አላት።
ከዚያ ዝናብ ብቻ፣ ብዙ ዝናብ።

ቴፑ ቀጭ አለ።
ከግድግዳው ማዶ አልጋ ሲያቃስት ሰማሁ።
እርሳሴን ቀረጽኩ፤
መዲናን ከአውቶቡሱ አላስወረድኳትም፣ ትሂድ፤
«ሦስተኛ» የሚለውን ሰርዤ «ሁለተኛ» አልኩ፣
ለዛሬ ሌሊት አንድ ቃል።
ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቷል፣ ጉሙ ወፍሯል፣
እሷም መስታወቱን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ዞር ብላ ደሴን—
ከዚያ ደሴ ይታይ ይሆን?
ነገ እጠይቃቸዋለሁ።