አረፋ የያዘው

ከሰል ቢያጥቡት አይነጣም ይላሉ፤ እውነት ነው።
እኔም ላነጣው አይደል ሌሊቱን የማነጋው፤
ድንጋዩን፣ ድኙን፣ አመዱን ከሆዱ ጎልጉዬ
አጥቁሬ ልሸኘው ነው፣ ከባዕዱ ነጥዬ።

አራት ገንዳ አለኝ፣ ከዳሞዳር ወንዝ ዳር፤
ልሙ ጭቃ ሆኖ ይመጣል፣
ከሰናፍጭ ያነሰ፣ የጣት አሻራ ውስጥ የሚያድር።
ናፍጣ በጠብታ አቀምሰዋለሁ፤ ከሥር ነፋስ ይነፋል፤
ገንዳው እንደ ተቆጣ አፍ አረፋ ይደፍቃል።
ከሰሉ ውሃ ይጠላል፤ አረፋ አቅፎ ይወጣል፤
ድንጋዩ ውሃ ይወዳል፤ ይጠጣል፤ ይሰምጣል።
ሙያው ይኸው ነው፦ ማን ምን እንደሚጠላ ማወቅ፤
ከዚያ ቆሞ መጠበቅ።

ገንዳዎቹ ሳይተከሉ ይህን ሁሉ ልም
በቦይ ለወንዝ እንለቅ ነበር፤ ማንም አላለን ምንም።
ወንዙ ጥቁር፣ ዓሣው ጥቁር፣ የሰዉ ሁሉ ሕልም።
ፑልመኒ ሶሬን እስከ ጉልበቷ ገብታ
በአሮጌ ሳሪዋ እያጠለለች ከንጋት እስከ ማታ፣
ጭቃውን እንደ ኩበት ጠፍጥፋ፣ በፀሐይ አድርቃ፣
ለጡብ ተኳሾች ትሸጥ ነበር፣
ዳገቱን በብስክሌት ገፍታ፣ ተነሥታ፣ ወድቃ።
ውሃ የበላውን ከውሃ አፍ ፈልቅቃ።

ከዚያ እኔ መጣሁ፤ ገንዳዎቹ መጡ፤
አመዱ ከሠላሳ አንድ ወደ ዐሥራ ሦስት ወረደ፤
አለቆች እጄን ጨበጡ።
በሦስተኛው ወር ጣት የምታህል ዓሣ ከድልድዩ ሥር ታየች፤
በዚያው ሳምንት ፑልመኒ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።
«የኔን ጥቁር ማን ወሰደው?»

መልስ አልነበረኝም። ብርጭቆ አመጣሁ፤
ጭቃ፣ ውሃ፣ የናፍጣ ጠብታ፤ ከድኜ ወዘወዝሁ።
ጥቁሩ ከአረፋው ጋር ሲወጣ፣ ግራጫው ሲዘቅጥ፣
አየችው ዐይኗን ሳትገልጥ ሳትከድን፣ ሳትቀመጥ።
«ይኸማ የኔ ሥራ ነው» አለች፤ «ሃያ ዓመት፣ ያለ ሞተር።
እኔን ግን ‹አጣቢ› ያለኝ አንድ ሰው አልነበር።»

ያቺን የተጨበጠች እጄን አየኋት።
አመድ አፋሽ የሚሉት የማንን ነው? የኔን? የሷን?
ለአለቃዬ ስሟን ጻፍሁለት፤
«ቦታ የለም» አለ፤ «እናያለን» አለ፤ ዝናብ ገባ።

እሑድ በድልድዩ ሳልፍ
ያን የማጥለያ ጨርቅ አጥባ አስጥታዋለች፣ ድንጋይ ላይ፣
አሁን ታች ድረስ በሚያሳየው ውሃ።
ቢጫ ኖሯል።
ጫፉ ላይ ቀይ አበባ አለው።
እሷም ረስታው ነበር።