ውሃ ልክ

እኔና ሂስከ፣ በአንድ ዓመት ተበላልጠን፣
ከአንድ ዝናብ ወጣን።
አዋላጇ ታቅፋን “እነዚህ ልጆች
ቆዳ ሳይደርቡ ነው የመጡት” ብላ ነበር አሉ።
እውነቷን ነው። የጎረቤት በር ሲላተም እናለቅሳለን፤
ሰው ሲስቅ በእኛ ነው እንላለን፤
የመጪውን ክረምት ማዕበል ገና በበጋ እንፈራለን፣
ሁለት ሆደ ባሾች፣ በአንድ ብርድ ልብስ።

አባታችን ፎፐ፣ በፍሪስላንድ ቦይ፣ የውሃ በር ጠባቂ ነበር።
ግንቡ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤
ጧት ጧት ጎንበስ ብሎ አይቶ በእርሳስ ይመዘግባል፣
ሲዘንብም፣ ሲያባራም፣ እናታችን በሞተችበትም ቀን።
“ውሃውን አትቆጡት” ይላል፣ “አመጣጡ የእናንተ አይደለም።
የእናንተ እጀታዋ ናት።
ዘግታችሁ ብትተዉት ከሥር ይቦረቡራል፤
ከፍታችሁ ብትረሱት ከብት ጭኖ ይሻገራል።
ጥቂት፣ ጥቂት፣ በየሰዓቱ።”

ሂስከ ግን ሆድ ይፍጀው አለች።
በቀብሩ ዕለት ዳቦ ቆርሳ አዞረች፣ ጥርሷ ነጭ፣ ዓይኗ ደረቅ።
ማታ መብራት ሲጠፋ እሰማታለሁ፣
ቀን የዋጠችውን ሌሊት ስታመነዥከው፣
ከመስኮቱ ማዶ እንደተኙት ላሞች።
ላም እንኳ ወተት አላት።
የእሷ ተመልሶ ያው ሣር፣ ያው እሾህ፦
“ምን ብዬ ነበር? ምን ባልል ነበር?”

እኔስ? ደፋር ሆኜ አይደለም።
ከአባቴ መዝገብ ጀርባ፣ ተደብቄ፣
የራሴን ልክ መጻፍ ጀመርኩ፦
“ዛሬ ሃያ ከፍ፤ ምክንያቱ ቅናት።”
“ዛሬ ዘጠኝ ዝቅ፤ ምክንያቱን አላውቅም።”
ስሙን ስለጠራሁት ውሃው አልጎደለም፤
እጄ ግን እጀታው ላይ ነበረች።

በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሌዋርደን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ሂስከ ከአልጋዋ አልነሣ አለች።
ሽንኩርቱ ቅርጫት ውስጥ አብቅሏል።
ሐኪሙ ጭንቀት አለ፣ ድባቴ አለ፤
ሁለቱም ስም ልክ ነው።
እኔ ያየሁት ከሥሩ የተቦረቦረ ግድብ ነው፣
ከላይ አበባ የተተከለበት።

“ለምን እንዳንቺ አልሆንኩም?” አለችኝ።
እንደኔ! እኔ አሁንም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እባንናለሁ፤
ቆዳ የሚባል አልበቀለልኝም።
ወለሉ ላይ ተቀምጬ እጇን ያዝኩና
የአባባ መነጽር ቦዩ ውስጥ የገባ ቀን
እንዴት በባዶ ዓይኑ “ሰባት ይሆናል” ብሎ እንደጻፈ አወራኋት።
ሳቀች። ከዚያ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አለቀሰች፣
ጥቂት።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ስልኬ ጮኸ።
መልእክቱ ሰላምታ የለውም፦
“አሥራ አራት ከፍ። ምክንያቱ እማማ።”
ብስክሌቴን አቁሜ ደግሜ አነበብኩት።
ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ የእኔን ጽፌ ላኩላት።