የሁለት ጣት ቦታ

የማዳምን ቁጥር ከነፊደሉ በቃሌ ይዣለሁ፤
ዘጠና፣ ሲ። ስምንት ዓመት በእጄ አጥቤዋለሁ፣
ለብ ባለ ውኃ፣ ሳላሽ፣ ሳልጨምቀው፣
ሽቦው እንዳይጣመም በፎጣ ጠቅልዬ ቀስ አርጌ ሳደርቀው።
የራሴን ግን እንጃ።
የእሷ ሲሰለቻት፣ ላስቲኩ ሲላላ፣
«ኹዚ» ትለኛለች፤ እወስዳለሁ በቃ፣ ምን አለኝ ሌላ።
ጀርባዬ ላይ ሽቅብ እንደ ፍየል ይወጣል፣
ማንጠልጠያው ባጠብቀው ትከሻዬን ይቆርጣል፣
ከፊት ደግሞ ኪስ ነው፣ ሳንቲም ያልገባበት፣
ጎንበስ ባልኩ ቁጥር አየር የሚሞላበት።
እኔ መስሎኝ ጥፋቱ የገላዬ፣
ከዕቃው ጋር የማይሄድ ደረቴ፣ ጫንቃዬ።

ዘምዘም ናት ያየችኝ፣ በወሩ ዓርብ፣ መናማ፣
ከጁምዓ በኋላ ባብ አል-ባህሬን ጥላ ስር ቆመን ሰው ስናማ።
አንገትጌዬን ገለጥ አርጋ ሰንበሩን ዳሰሰች፤
«ማን ገረፈሽ?» አለች።
«ማንም። ጡት ማስያዣ ነው።»
ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ እጄን ጎተተች።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወርቅ ቤቱ ኋላ፣ ከጨርቅ ሻጩ ጎን፣
ማሪቪክ የምትባል ፊሊፒናዊት ከደጅ ተቀበለችን፣
አንገቷ ላይ ሜትር፣ እንደ ሐኪም ማዳመጫ።
«ቁጥርሽ ስንት?» አለች። ፊቴ ጋለ፣ ጠፋኝ መውጫ፤
በሰባራ ዓረብኛ የማዳምን ቁጥር ነገርኳት።
ከላይ እስከ ታች አየችኝ፦ «ላ፣ ሐቢብቲ። ይሄ የሌላ ሴት።»

መለካት ለእኔ አዲስ አይደለም።
ከአገር ስወጣ ግድግዳ ላይ ቁመቴን በእርሳስ አሰመሩ፣
ኪሎዬን በሚዛን፣ ደሜን በብልቃጥ ሰፈሩ፣
«ልጅ ታዝላለች፣ ትተኩሳለች፣ ታበስላለች» ብለው ጻፉ፣
ምን ይመቻታል የሚለውን ዘለው አለፉ።

ማሪቪክ ግን መጀመሪያ መዳፏን አሻሸች፣
እንዳይቀዘቅዘኝ።
ሜትሩን ከጡቴ ስር አዙራ «ተንፍሺ» አለች።
ስምንት ዓመት ሙሉ
ፍጠኚ፣ አንሺ፣ አምጪ እንጂ
ተንፍሺ ያለኝ አልነበረም።
ተነፈስኩ። ሜትሩም አብሮኝ ወረደ።

የመጀመሪያው ጠበበ፤ ሁለተኛው ጎኔን ነከሰ፤
ሦስተኛውን ስታጠልቅልኝ አንድ ነገር ቦታው ደረሰ።
ጎንበስ አስብላ፣ ወደ ብብቴ የሸሸውን ሁሉ ሰብስቢ አለችኝ፦
«የራስሽ ሥጋ ነው፣ ለምን በረንዳ ይደር?
መንጠቆውም ከዳር ነው፣ ከሰፊው የሚጀመር፤
ላስቲክ ሲያረጅ ወደ ውስጥ የምትገቢበት ይቅር።»
ከዚያ ጀርባዬ ላይ፣ ከላስቲኩ ስር፣ ሁለት ጣቷን ከተተች፦
«ይህን ታህል ቦታ። ከዚህ ካለፈ ከንቱ፣ ከዚህ ካነሰ እስር» አለች።

ሰባ አምስት፣ ዲ። እኔ! ከማዳም በአንድ ፊደል የምበልጥ!
ዘምዘም ከመጋረጃው ማዶ በሳቅ ስትቀልጥ፣
መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት በጎን አየኋት፤
ትከሻዋ ከጆሮዋ ርቋል። አንገት አላት።
ሰንበሩ ግን አለ። እሱ ቶሎ አይለቅም።

ስድስት ዲናር ከአምስት መቶ ፊልስ። ከፍዬ ወጣሁ።
ለወንድሜ ለይመር በማግስቱ ዋሸሁ፦
«ምንዛሪው ወርዶ ነው ያነሰው» አልኩ።
«የት ይወርዳል? እዚህ እኮ ወጥቷል» አለኝ።
ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

ሳምንት ለብሼ አጠብኩት፤ ጣራ ላይ፣ ከታንከሩ ኋላ ሰጣሁት፣
የባሕሩ እርጥበት አላደርቅ ቢለኝ እስከ ረፋድ ተውኩት።
ማዳም ወጣች። በሁለት ጣቷ አንስታ ምልክቱን አነበበች፣
እኔን አየች፣ መልሳ ፊደሉን አየች።
አሁን ትጮሃለች ስል፣
«ከየት ነው የገዛሽው?» አለች፣
በዐባያዋ ውስጥ፣ ከትከሻዋ የወረደ ማንጠልጠያ ሽቅብ እየጎተተች።