ሦስተኛው ኩባያ

ሳስካቱን ነው፤ መጋቢት ነው፤ በረዶው ገና አልፈታ፣
የውጪው አፈር ድንጋይ ነው፣ ለዶማ የማይረታ።
እኔ የሌሊት ጠራጊ፣ የቁልፍ ዘለላ በወገቤ፣
አምስተኛ ክፍል ስገባ መስኮቱ ላይ ቀረ ቀልቤ፦
ከማሞቂያው ቧንቧ በላይ፣ ከመስታወቱ ደፍ ላይ፣
አራት የእርጎ ኩባያ፣ ተደርድረው ለፀሐይ።
የሌሲያ ናቸው። ስሟን ጽፋ በሰማያዊ ቀለም፣
ከሥሩ፦ «እባክዎ አይንኩ»። እኔም ልነካ አልነበረም።

አንደኛው ጥቁር አፈር ነው፣ አያቷ ከጓዳ የዘገኑት፣
ሲጨብጡት የሚሰበሰብ፣ የሚፈረካከስ ሲለቁት።
ሁለተኛው ዋልካ ነው፣ ሲጠጣ ጣት የሚያጣብቅ፣
ሲደርቅ ደግሞ እንደ ተረከዜ መሐል ለመሐል የሚሰነጠቅ።
ሦስተኛው የወንዝ አሸዋ፣ ከድልድዩ ሥር የመጣ፣
የሰጡትን ሁሉ የሚያፈስ፣ እንደ ወሬኛ ምስጢር የሚያወጣ።
አራተኛው የረግረግ ብስባሽ፣ ከሱቅ በላስቲክ የተገዛ፣
ቡናማ፣ እፍ ቢሉት የሚበን፣ ላይ ላዩን ሲያዩት የዋዛ።

ዘሩ ከአንድ ከረጢት ነው፣ በየኩባያው ሦስት ፍሬ፤
«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል ነው ያደግሁ፤ ዛሬ
ግን በመወልወያዬ ተደግፌ አየሁ፣
አንድ ዘር በአራት መሬት አራት ጠባይ ሲያወጣ።

አሸዋው ከሁሉ ቀደመ፤ ሙቀት ቶሎ ይገባዋል፤
አርብ ሲደርስ ግን አንገቱ ክር ይሆናል፣ ይዘምማል።
ጥቁሩ አፈር አልቸኮለም፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣
አርፍዶ እንደገባ ተማሪ ብቅ አለ አንገቱን ደፍቶ፣
ከዚያ ቀና አለ፣ ቅጠሉን ገለጠ፣ ክሩን ወረወረ፣
የመጋረጃውን ገመድ ይዞ መውጣት ጀመረ።
ብስባሹ ቁመት ብቻ ሰጠ፣ ገርጣ ያለ መቃ፤
ዋልካው ሁለቱን አፈናቸው፣ በሰበሱ፣
ሦስተኛዋ ብቻ ወጣች፣ ደንዳና፣ አጭር፣
ግንባሯ ላይ ተሸክማ የጥፍር ያህል ጭቃ።

የፀደይ ዕረፍት ሆነ። መምህርቷ ሚስ ፍሪሰን
ወረቀት ለጠፈችልኝ፦ «ረቡዕ፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ።
ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። አመሰግናለሁ።»
ረቡዕን እንደ ቃሏ አደረግሁ፣ ማንኪያ በማንኪያ ለካሁ።
ሐሙስ ማታ ግን አሸዋውን ወድቆ አገኘሁት፣
ግንዱ እንደ ረጠበ ክር ከኩባያው ከንፈር ታጥፎ።
ሕንፃው ባዶ ነው። ማሞቂያው ብቻ ያጓራል።
ምን ልበል? ከጠርሙሴ የቀረችውን ውኃ አፈሰስኩለት።
አርብም ደገምኩት። ቅዳሜም፣ ፈረቃዬ ሳይሆን መጣሁ።

ሰኞ ሌሊት ደብተሯ ክፍት ነበር፣ ማስመሪያው በላዩ፦
«አሸዋ፦ አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር። ከዋልካው በለጠ።
ይደርቃል ብዬ ነበር። ግምቴ ስሕተት ነው መሰለኝ።»
አሥር ዓመቷ ነው፤
ያላጠፋችውን ልታርም ነው።

ወንበሩ ትንሽ ነው፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ተጋጨ፤
እርሳስ አንስቼ ከሥሩ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፦
«ግምትሽ ልክ ነው። ሦስት ቀን ደብቄ አጠጥቻለሁ።
አፈሩ አይደለም፤ እኔ ነኝ። አለልኝ፣ ጠራጊው።»

ማክሰኞ ስመጣ ኩባያው አምስት ሆኗል።
አዲሱም አሸዋ ነው፣ ሦስት ዘር የተቀበረበት፣
በሰማያዊ፦ «ይሄን አይንኩ»፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት።
በሦስተኛው ላይ ደግሞ የቀድሞው ጽሑፍ ተፍቆ፦
«የሚስተር አለልኝ ነው። ይለኩና ይጻፉ።»

ማስመሪያ ፈለግሁ። አሥራ አራት ተኩል።
ጻፍኩት። ከዚያ ወለሉን ስጠርግ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
የፈሰሰ አሸዋ አገኘሁ፣ የእፍኝ ሩብ እንኳ የማይሞላ፤
በማፈሻው ሰብስቤ፣
ወደየትኛው ኩባያ እንደሚመለስ
ግራ ገብቶኝ ቆምኩ።