ሦስተኛው ካርቶን

ከኪምበርሊ ወጣ ብሎ፣ ከተተወ የአልማዝ ጉድጓድ ማዶ፣
ቅዳሜ ጠዋት ቆሜያለሁ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ዓይኔ በመነጽር ተጋርዶ።
ከፊቴ ሦስት ሰዎች አሉ፣ ከካርቶን የተቆረጡ፣
እግር ያልተሠራላቸው፣ በእንጨት ላይ የተቀመጡ።

ሥራዬ መድኃኒት መቀመም ነው፤ መቁጠር ነው ብል ይቀላል፤
አምስት አምስት እያደረግሁ ክኒን በጣቴ ሥር ያልፋል።
ዛሬ የምቆጥረው ሌላ ነው።

አሰልጣኜ ኡስትሄይዘን፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ፣
አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ሳቅ የማያውቅ መራር ምላስ፣
«ጥይት አትቁጠሪ» ይላል፤ «ሰው ነው የሚቆጠር መጀመሪያ፤
ሦስት ካየሽ አራት በይ፤ አንዱ አይጠፋም ከመኪና ማቆሚያ።
ደግሞ አትገተሪ! የቆመ ሰው ለሦስት የሚቆረስ ዳቦ ነው፤
ወደ ጎን፣ አሁንም ወደ ጎን፤ አንዱ ሌላውን ይከልለው።
ድሩ ሳያብር በጥሺ፤ ካበረማ ማን ይችለው?
በሩ ክፍት ከሆነ ግን፣ ሁሉንም ትተሽ ውጪ፤
ጀግንነት ላስተምርሽ አልተከፈለኝም። ሩጪ።»

ፊሽካው ጮኸ።
እጄ ወደ ወገቤ፣ ሸሚዜን ገለጥ፣
ጠጠሩ ከጫማዬ ሥር እየተንሸራተተ ሲያመልጥ፣
ሁለት ለመጀመሪያው፣ ደረቱ ላይ፤
ሁለት ለሚከተለው፣ አንዷ ግን ትከሻውን ገሽልጣ ወደ ሰማይ።
ወደ ሦስተኛው ስዞር፣
ጽሑፍ አለ።
ፀሐይ ያገረጣው ሰማያዊ፣ ቢሆንም የሚነበብ፦
«በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ከሕፃናት እጅ ይራቅ።»

አወቅሁት። የሳል ሽሮፕ ካርቶን ነው። የራሴ። ከሱቄ ጓሮ
ኦራቲሌ ማክሰኞ ማክሰኞ በጋሪ የሚወስደው፣ በገመድ አስሮ።

ጣቴ ቆመ።
ግማሽ ሰከንድ ይሆናል፤ ምናልባት ከዚያ ያነሰ።
«ሞተሻል» አለ ኡስትሄይዘን፣ አፍንጫውን በመሐረብ እያበሰ።
«ደረት አይነበብም፣ ሴትዮ። እጅ ነው የሚነበበው።
ባዶ ከሆነ ተይው። ካልሆነ... ያንን አንቺው ታውቂዋለሽ።»

አልነገርሁትም።

በሰኔ ነበር፤ ሰኔ ለእኛ ውርጭ ነው፣ ቧንቧ የሚያደርቅ፤
ሦስት ሆነው ገቡ፣ መዝጊያዬን ወደ ታች ሳልለቅ።
አንዱ ካዝናውን፣ አንዱ ኮዴይን ያለበትን መደርደሪያ፤
ሦስተኛው ልጅ በር ላይ፣ ቢላዋውን ይዞ እንደ ማንኪያ፣
ያስል ነበር።
ደረቅ ሳል አልነበረም፤ ከሳንባ ሥር የሚነቀል፣
አክታ ያለው፣ ሁለት ሳምንት የሰነበተ የሚመስል።
ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እናም በዚያው ቅጽበት
አእምሮዬ ማዘዣ ጻፈ፦ በቀን ሦስቴ፣ ለሰባት ቀናት።
እናቴ ዲኬሌዲ ስትለኝ፣ እንባ ማለቷ ነበር፤
ያን ማታ ግን አላለቀስሁም። ወለሉን ጠረግሁ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ነበር።

ኦራቲሌ ቡናማ ፕላስተሩን በጥርሱ እየቆረጠ
ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠገነ፤ ቀዳዳቸውን ለጠጠ።
እኔም ፕላስተር እሸጣለሁ፤ የእኔው ግን ከሥሩ ሥጋ ይገጥማል፤
የእሱ ሥር ያለው ደረት ከምሳ በኋላ ደግሞ ይበሳል።
«አይዞሽ ማ» አለኝ በቀስታ፤ «ትናንት አንድ የጥርስ ሐኪም
ከእንጨቱ በቀር ምንም አልመታም።»

ድጋሚ ፊሽካ።
አንድ፣ ሁለት፣ እርምጃ፣
ሦስተኛውን መታሁት፤ «ራቅ» ከሚለው ቃል ላይ፣
በተከፈተው ቀዳዳ ቀይ አፈር እስኪታይ።
«ፈጠንሽ» አለ ሰውየው። ከአፉ የወጣ ምስጋና ያ ብቻ ነው።

ሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሒሳብ እየዘጋሁ ሳለ፣
ከበሩ ውጭ፣ ከጨለማው፣ የሆነ ሰው አሳለ።
ሳሉን በደንብ አልሰማሁትም፤ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ እንጃ።
እግሬ ግን ሄዷል ወደ ጎን፣
ሳላዘው፣ አንድ እርምጃ።